ሁለቱ የአዲስ አበባ ብርዶችና በሣጥን ውስጥ ያለ እባብ

አራት ኪሎ አካባቢ በምኖርበት አፓርታማ፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ አንድ የበቆሎ እባብ አለ። ዝርያው የሰሜን አሜሪካ ነው፤ መርዝ የለውም። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከአራት ዓመት በፊት ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ ወዳጄ ከነሰነዱ፣ ከነመስታወት ሣጥኑና ከአንድ የእንክብካቤ መመሪያ ጋር አስረክቦኝ ሄደ። መመሪያው ወር በወር ተከፋፍሎ የተጻፈ ነበር፤ በታኅሣሥ እባቡን ቀዝቀዝ አድርጎ ማሳረፍ እንደሚገባ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ክፍሉ ስለሚሞቅ የማሞቂያውን ኃይል መቀነስ እንደሚበቃ ይናገራል። እኔም በመጀመሪያው ሐምሌ የተባለውን አደረግሁ። እባቡ የዋጠውን አይጥ በአራተኛው ቀን ሳይፈጨው መልሶ ተፋው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያበላሁትንም እንዲሁ።

መመሪያው የተጻፈው ሐምሌ የዓመቱ ሞቃት ወር ለሆነበት አገር ነው። በአዲስ አበባ ግን ሐምሌ ሰው በእኩለ ቀን ጋቢ ደርቦ የሚቀመጥበት ወር መሆኑን ለማወቅ እባብ ማሳደግ አያስፈልግም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቴርሞሜትሩ ፊት ለፊቴ ተሰቅሎ ሳለ የወረቀቱን ቃል አመንሁ። ይሁን እንጂ በመዲናችን መሃል እባብ፣ ኤሊ ወይም እንሽላሊት የሚያሳድጉት ጥቂት ሰዎች ስለ አያያዝ የሚያውቁት ሁሉ ማለት ይቻላል ከባሕር ማዶ በሚመጡ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ ስህተት በየሳሎኑ እየተደገመ እንደሚገኝ ከማደርጋቸው ውይይቶች እረዳለሁ። በዚህ ጽሑፍ የማስረዳው ነገር አንድ ነው፤ በአዲስ አበባ የሚኖር እባብ ዓመቱን የሚያሳልፈው በሁለት የተለያዩ ብርዶች መካከል ሲሆን፣ ሁለቱንም በሰላም የሚሻገረው እንስሳው ራሱ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና መደበቂያውን የሚመርጥበት ቦታ ሲዘጋጅለት ነው። በመሆኑም የወቅት እንክብካቤ የሚባለውና መደበቂያ፣ መውጫና አዲስ ሽታ እየሰጡ የእንስሳውን ኑሮ ማበልጸግ የሚባለው ጉዳይ ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም።

የቀኑ ብርድና የሌሊቱ ብርድ

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወቅትን ለእባብ የሚነግረው አንዱ ትልቅ ምልክት የቀኑ መርዘምና ማጠር ነው፤ እዚህ ግን ይህ ምልክት እጅግ ደካማ ነው። ወቅትን የሚሠራው ደመናው ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ፀሐይ ቤቱን አታሞቀውም፤ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት 20 እና 21 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቆማል። የዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉም የሚወርደው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። ያው ደመና ግን ሌሊት እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የምድሩን ሙቀት ስለሚይዝ ሌሊቱ የሚፈራውን ያህል አይከፋም፤ 10 ወይም 11 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቀኑ ብሩህ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ የቀኑም ሙቀት 23 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሌሊት ግን ምድሩ የያዘውን ሙቀት በጠራው ሰማይ በኩል ስለሚለቀው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የውጭው አየር ወደ 7 እና 8 ዲግሪ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። አየሩም ደረቅ ይሆናል። እንግዲህ የክረምቱ ብርድ የቀን ብርድ፣ የኅዳሩ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው እርጥብና ረጅም ነው፤ ሁለተኛው ደረቅና ድንገተኛ ነው። ከመጽሐፍ የምናገኘው አንድ ነጠላ «ቀዝቃዛ ወቅት» ከሁለቱም ጋር አይገጥምም።

ለእኛ እነዚህ ልዩነቶች የልብስ ጉዳይ ናቸው። እባብ ግን የራሱን ሰውነት የሚያሞቅበት ሙቀት ከውስጡ አያመነጭም፤ ምግብ የሚፈጨው፣ በሽታን የሚከላከለው፣ የሚንቀሳቀሰውና ቆዳውን የሚለውጠው ከአካባቢው በሚያገኘው ሙቀት ነው። በተፈጥሮ ቦታው ሲበርደው ፀሐይ ወደመታው ድንጋይ፣ ሲሞቀው ወደ ጉድጓድ እየተመላለሰ ሰውነቱን ያስተካክላል። ስለዚህ የሣጥኑ አንድ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቃዛ ሊሆን ይገባል። ለበቆሎ እባብ ሞቃቱ ጫፍ ከ29 እስከ 31 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ቢሆን ይስማማዋል። ሲደነግጥ ራሱን እንደ ኳስ የሚጠቀልለው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ፣ ቦል ፓይተን፣ ከዚህ ጥቂት ከፍ ያለ ሙቀትና የበለጠ እርጥበት ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛው ጫፉ ከ24 ዲግሪ በታች ባይወርድ ይመረጣል። በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ የሚኖረው የአሸዋ ቦአ ደግሞ ደረቅ፣ ሞቃትና የሚቀበርበት ልቅ አፈር ያለው ቦታ ይሻል። ሦስቱን በአንድ መመሪያ ማሳደግ አይቻልም፤ ሦስቱም ግን የአዲስ አበባ ሳሎን ያለ ማሞቂያ አይበቃቸውም።

የቤቱ ዓይነትም ዋጋ አለው። ያደግሁበት የጭቃ ቤት ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት እስከ ሌሊት ይይዝ ነበር፤ ዛሬ የምኖርበት የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ግን ብርዱን ቶሎ ያስገባል። ባለፈው ኅዳር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሳሎኑ ወለል ላይ የለካሁት 14 ዲግሪ ሲሆን፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ መደርደሪያ ላይ የለካሁት 16 ዲግሪ ነበር። ሣጥኑን ከወለል ማንሳት ብቻውን፣ አንድ ሳንቲም ሳይወጣበት፣ ሁለት ዲግሪ አተረፈልኝ።

ክረምቱ

በክረምት የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ነገር የቀኑን ሙቀት ማጓደል እንደማይገባ መረዳት ነው። እባቡ ከበላ በኋላ ሞቃት ቦታ ካላገኘ ሥጋው በሆዱ ውስጥ ከመፈጨት ይልቅ መበስበስ ይጀምራል፤ መልሶ የሚተፋውም ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ የተፋ እባብ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሊያርፍ ይገባል፤ ከዚያም የሚሰጠው ምግብ ከተለመደው ያነሰ መሆን አለበት። የምግቡን መጠን መቀነስ እንዳለብኝ ባለማወቄ ነው የእኔው ሁለተኛ ጊዜ የተፋው።

ማሞቂያ ሲባል ግን ማንኛውም የሚሞቅ ነገር ማለት አይደለም። ከሣጥኑ ሥር የሚነጠፈው የማሞቂያ ምንጣፍ ሙቀቱን በተወሰነ ልክ የሚይዝ መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታት፣ ከሌለው የመስታወቱን ወለል ከ40 ዲግሪ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እባቡ ሲቃጠል ይሸሻል ብሎ ነው፤ እባቦች ግን የሆዳቸው ቆዳ እየተቃጠለ እንኳ ከሞቃቱ ቦታ ሳይነሡ ሊቆዩ እንደሚችሉ የእንስሳት ሐኪሞች በተደጋጋሚ የሚያጋጥማቸው ነገር ነው። ምንጣፉ ከወለሉ ከአንድ ሦስተኛው የበለጠ ሊሸፍን አይገባም፤ የቴርሞስታቱ መለኪያ ጫፍም እባቡ በሚተኛበት ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ለፍሪጅ የምንገዛውን ስታቢላይዘር ለቴርሞስታቱም ማሰብ ተገቢ ነው።

መብራት ከጠፋስ? ከሰው ሁሉ የምሰማው የመጀመሪያ ሐሳብ ከሰል ማቀጣጠል ነው፤ ይህን በፍጹም አልመክርም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውን የሚገድል ጋዝ ነው፤ በየክረምቱ ስለሚያጠፋው ሕይወት የምንሰማው በቂ ነው። ለእባቡ የሚበቃው ቀላል ነገር ነው። ሣጥኑን በሦስት ጎኑ በፎም ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ መሸፈንና የአየር ማስገቢያውን ክፍት መተው፣ ከዚያም በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ በሣጥኑ አንድ ጫፍ ማስቀመጥ ነው። ውኃው የፈላ መሆን የለበትም። ጤነኛና ሆዱ ባዶ የሆነ የበቆሎ እባብ አንድ ሌሊት 16 ወይም 17 ዲግሪ ላይ ቢያድር አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሆዱ ሞልቶ ሲበርደው ነው። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት አለማብላት ከሁሉ የተሻለ ጥንቃቄ ነው። እባብ ሳምንታት ሳይበላ መቆየት ይችላል፤ ባለቤቱ ነው የማይችለው።

እርጥበቱ ሌላው የክረምት ፈተና ነው። በነሐሴ በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ጫማ እንኳ ይሻግታል። በሣጥኑ ወለል ላይ የተነጠፈው ነገር ረጥቦ ከቆየ በእባቡ ሆድ ቅርፊቶች ላይ ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች ይወጣሉ፤ ቀጥሎም ኢንፌክሽን ይከተላል። እዚህ ላይ ስለ ሰጋቱራ መናገር ግድ ይለኛል። ከአናጢ ቤት በነጻ ወይም በጥቂት ብር የሚገኘው ሰጋቱራ ለዶሮ የለመድነው በመሆኑ ለእባብም የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን የጥድና የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ሽታው የሚመጣበት ዘይት የእባብን መተንፈሻ አካል ይቆጣዋል፤ የተጣበቀ እንጨት ሰጋቱራ ከሆነ ደግሞ ሙጫም አለበት። ዱቄቱም በአፍና በአፍንጫ ይገባል። ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ የተሻለ ነገር ያደረ ጋዜጣ ነው፤ አያምርም፣ ግን ንጹሕ ነው፣ ሲረጥብም ይታያል፣ ሲቆሽሽም በአንድ ደቂቃ ይቀየራል።

ክረምት ዝንብና ቁንጫ የሚበዛበት ወቅት በመሆኑ በየቤቱ ፍሊት የሚነፋውም አሁን ነው። በነዚህ መርጫዎች ውስጥ የሚገኙት ፓይሬትሮይድ የሚባሉ ኬሚካሎች በደመ ቀዝቃዛ እንስሳት ላይ የነርቭ መመረዝ ያስከትላሉ። መርጨት ግድ ከሆነ እባቡ ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ፣ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ተናፍሶ ይመለስ። የቡና ዕጣንም ከሣጥኑ ራቅ ብሎ ይጨስ። የአብዛኞቹ እባቦች ግራ ሳንባ እጅግ ትንሽ ወይም የሌለ ያህል ሲሆን፣ በቀኙ ሳንባ ብቻ የሚተነፍስ፣ አክታውንም ማሳል የማይችል እንስሳ ጭስን እንደኛ አይቋቋምም። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ጭንቅላቱን ሽቅብ ቀና አድርጎ የሚቆይ፣ ሲተነፍስ ፊሽካ የሚመስል ድምፅ የሚያሰማ ወይም በአፍንጫው አረፋ የሚታይ እባብ የሳንባ ምች ይዞት ሊሆን ስለሚችል ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት። በከተማችን የእባብ ልምድ ያለው ሐኪም ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ ከመታመሙ በፊት ጠይቆና አጣርቶ ስልክ ቁጥር መያዝ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር

የመስቀል ወፍ ታይታ ፀሐይ ስትወጣ ሁላችንም ደጅ እንወጣለን፤ እባቡንም ከነሣጥኑ ፀሐይ ላይ የማውጣት ፍላጎት ያድርብናል። ይህ የደግነት ስህተት ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው የመስታወት ሣጥን በደቂቃዎች ውስጥ እንስሳውን እስከ ሞት የሚያደርስ ምድጃ ይሆናል። በፀሐይ ብርሃን ውስጥም የሚገኘው አልትራቫዮሌት ጨረር በበቆሎ እባቦች ደም ውስጥ ያለውን የቫይታሚን ዲ መጠን እንደሚጨምር በጥናት መታየቱ እውነት ነው፤ በቦል ፓይተን ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ግን ለውጥ አላሳየም፤ ከዚህም በላይ ለቫይታሚኑ የሚያስፈልገው ጨረር በመስታወት አያልፍም። ፀሐይ ማሞቅ ካስፈለገ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ወይም በሽቦ ሣጥን፣ ግማሹ ጥላ ሆኖ፣ ሰው ከአጠገቡ ሳይለይ ሊሆን ይገባል።

የዚህ ወቅት ዋና ችግር ግን ሁለት ነው፤ የንጋት ብርድና ድርቀት። የሌሊቱ ሙቀት ከቀኑ ዝቅ ማለቱ በራሱ ጉዳት የለውም፤ በተፈጥሮም እንዲሁ ነው። የበቆሎ እባብ ሌሊት 19 ወይም 20 ዲግሪ ቢያገኝ ይስማማዋል፤ 14 ዲግሪ ላይ ለሳምንታት ማደር ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ብርሃን የማይሰጥ ማሞቂያ ሌሊቱን መሥራት አለበት። አምፖል ለማሞቂያ ብሎ ሌሊት ማብራት እባቡ ቀንና ሌሊትን እንዳይለይ ያደርገዋል፤ የቀን ርዝመት ልዩነት ትንሽ በሆነበት አገር ይህ ምልክት ጭራሽ መጥፋት የለበትም። መብራቱ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ቢሆን ይበቃል።

በመጽሐፍ «የክረምት እንቅልፍ» የሚባለውስ? በቀዝቃዛ አገር ያሉ አርቢዎች እባቦቻቸውን ለሁለትና ለሦስት ወር ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ድረስ የሚያቀዘቅዙት ለማራባት ነው። ከዚያ በፊት ምግብ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቆማሉ፤ ሙቀቱም በጥንቃቄ ተለክቶ ሳይዋዥቅ ይቆያል። የአዲስ አበባ ታኅሣሥ ግን ቤት ውስጥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ 14፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 23 ዲግሪ የሚሆን ወቅት ነው፤ ይህ ዕረፍት ሊሆን አይችልም። እባቡ ለመተኛት በጣም ይሞቀዋል፣ ለመኖር በጣም ይበርደዋል። ለማራባት ያላሰበ ሰው ይህን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ቢተወው እንስሳው ምንም አይጎድልበትም።

ድርቀቱ ጎልቶ የሚታየው ቆዳ በሚለወጥበት ጊዜ ነው። ዓይኑ ወተት እንደፈሰሰበት ይደበዝዛል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጠራል፤ ከዚያም ቆዳው ከአፍንጫው ጀምሮ እንደ ካልሲ ተገልብጦ በአንድ ወጥ ይወጣል። አየሩ ሲደርቅ ግን ይቆራረጣል፤ በዓይኑ ላይ ያለው ስስ ቆዳም ሳይወርድ ይቀራል። ይህን በጣት ወይም በወረንጦ ለመላጥ መሞከር ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል፤ በእርጥበት እንዲለሰልስ ማድረግና የሚቀጥለውን ለውጥ መጠበቅ፣ ካልሆነም ለሐኪም ማሳየት ነው።

ለዚህ ያገኘሁት የተሻለ መፍትሔ ከቀጨኔ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ወደ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ሄጄ፣ ሁለት ጭብጥ የሚያህል ድስት፣ ከንፈሩ አጠገብ የሦስት ጣት ስፋት ያለው በር ያለው፣ እንዲሠሩልኝ ጠየቅሁ። «ልጄ፣ ምኑን ይይዛል ብለህ ነው የምትቀደው?» አሉኝ። ለእባብ መሆኑን ስነግራቸው አማተቡ፤ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ግን «እንግዲያስ ከንፈሩን ላለስልሰው፣ ቆዳውን እንዳይጭረው» ብለው ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመው አሹት። እኔ ያላሰብኩት ነገር ነበር። ድስቱ ሲደፋ ዋሻ ይሆናል። ያልተቀባ ሸክላ ውኃ ስለሚጠጣ፣ ጠዋት ለአሥር ደቂቃ ነክሬ ታጥቦ የተጨመቀ የጥጥ ጨርቅ ከውስጡ ሳነጥፍ፣ እርጥበቱን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይለቃል፤ የቀረው ሣጥን ግን ደረቅ ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያሻዋል። በእንስራ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ቀዳዳዎች እየተነነ ሙቀት ስለሚወስድ ነው፤ የነከርነውም ድስት እንዲሁ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቦታው ቀዝቃዛው ጫፍ ሳይሆን ከማሞቂያው አጠገብ ነው። እባቡ በኅዳር ዓይኑ በደበዘዘ ማግስት ገብቶበት አምስት ቀን ከውስጡ አልወጣም፤ ከወጣ በኋላ ቆዳው ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሳይቆረጥ ድስቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

ካብ ለካብ

«እባብ ለእባብ ይተያያሉ ካብ ለካብ» እንላለን። ምሳሌው የሚነገረው ስለ ሰው ተንኮል ቢሆንም፣ የተናገሩት አባቶች እባቡን በደንብ ተመልክተውታል። እባብ የካብ ፍጥረት ነው፤ ጀርባውና ጎኑ ከድንጋይ ጋር ሲነካካ ይረጋጋል፣ በጠባብ ክፍተት አልፎ ይወጣል፣ ከአንዱ ስንጥቅ ወደ ሌላው ሲሄድ ራሱን ሸፍኖ ነው። አንድ መደበቂያ ብቻ ያለው ሣጥን ይህን ተፈጥሮ ይቃረናል፤ ምክንያቱም መደበቂያው በቀዝቃዛው ጫፍ ከሆነ እባቡ በሙቀትና በደኅንነት መካከል እንዲመርጥ ይገደዳል፤ ብዙ ጊዜም ደኅንነትን መርጦ ይበርደዋል። ቢያንስ ሁለት መደበቂያ፣ አንዱ በሞቃቱ ሌላው በቀዝቃዛው ጫፍ፣ በመካከላቸውም ተሸፍኖ የሚሄድበት ቅጠል ወይም የዛፍ ቅርፊት ያስፈልገዋል። ማበልጸግ የሚባለው ነገር ለእኔ ከዚህ ይጀምራል።

እባብ በጠባብ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ አይሰማውም የሚለው አስተሳሰብ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ነገር ግን አልምሊና ቡርጋርት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ መውጫ፣ መደበቂያና ልዩ ልዩ ነገር በተዘጋጀለት ሣጥን ያደጉ የአይጥ እባቦች በባዶ ሣጥን ካደጉት ይልቅ አዲስ ነገርን ቶሎ እንደሚለምዱና መውጫ ፈልጎ የማግኘት ፈተናን በተሻለ ሁኔታ እንደሚወጡ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ክሊፎርድ ዋርዊክና ባልደረቦቹ እባብ ቢያንስ ሰውነቱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ መተኛት የሚችልበት ቦታ ሊያገኝ እንደሚገባ ተከራክረዋል። ከሁለት ዓመት በኋላም የእንግሊዙ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በበቆሎ እባቦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ እባቦቹ ምርጫ ሲሰጣቸው ወደ ሰፊው ሣጥን እንዳዘነበሉ ተመልክተዋል። ለአንድ ሜትር ከሃያ እባብ የስልሳ ሴንቲ ሜትር ሣጥን ሰጥቶ ማሳደግ ዛሬ በምንም ምክንያት የሚደገፍ አይመስለኝም። የእኔም የመጀመሪያው ሣጥን ሰማንያ ነበር፤ አናጢ ጋር ሄጄ በአንድ ሜትር ከሠላሳ ያስቀየርኩት ባለፈው ዓመት ነው። የሚያሳዝነኝ ሦስቱን ዓመት ስለማልመልስለት ነው።

ቦታው ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የደረቀ የወይራ ቅርንጫፍ ለመውጣት፣ የኮባ ግንድ ልጥ ለመሸሸጊያ፣ የገል ስብርባሪ ጠርዙ ተሞርዶ እንደ ካብ ተደርድሮ። ከውጭ የሚመጣ ቅርንጫፍና ቅጠል መኪና ከሚበዛበትና የተባይ መድኃኒት ከሚረጭበት ቦታ ባይወሰድ፣ ከመግባቱም በፊት የፈላ ውኃ ተደርጎበት ፀሐይ ላይ ቢደርቅ ይበጃል። እባብ ዓለምን የሚያውቀው ከዓይኑ ይልቅ በምላሱ ነው፤ በምላሱ የለቀመውን ሽታ በላንቃው ላይ ወዳለው ማሽተቻ አካል ያደርሳል። ስለዚህ ለእሱ አዲስ ሽታ ለእኛ አዲስ መንደር እንደማየት ነው። ከሰኔ ዝናብ በኋላ የለቀምሁትን የወይራ ቅጠል አዘጋጅቼ ሣጥኑ ውስጥ በበተንሁ ቀን፣ ያን ጊዜ ድረስ ማታ ብቻ የሚንቀሳቀሰው እንስሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ቅጠል በቅጠል እያሸተተ ሲዞር ተመልክቻለሁ። ሁሉን በአንድ ጊዜ መለወጥ ግን ያስጨንቀዋል፤ የራሱ ሽታ ያለበት ነገር ሁልጊዜ ሊቀርለት ይገባል። የምለውጠው በሁለት ሳምንት አንድ ነገር ነው።

ምግቡም የዚሁ አካል ሊሆን ይችላል። በረዶው የለቀቀና የሞቀ አይጥ በቅርንጫፉ ላይ ተጎትቶ ሽታው ከተሠመረ በኋላ ጫፉ ላይ ቢቀመጥ እባቡ ፈልጎ ያገኘዋል። ሕያው አይጥ መስጠት ግን አይገባም፤ አይጥ እባብን ነክሶ ሊያቆስል ይችላል፤ የአይጡም ሥቃይ ከንቱ ነው። ከቤት የተያዘ አይጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። በክረምት አይጥ ወደ ቤት ስለሚገባ በየጎረቤቱ መርዝ ይቀመጣል፤ መርዙን የበላ አይጥ እባቡንም ይመርዛል። በተለይ ወንዱ ቦል ፓይተን በአንዳንድ ወቅት ለወራት ምግብ እምቢ ሊል ስለሚችል፣ ከመደንገጥ ይልቅ በወጥ ቤት ሚዛን በየሁለት ሳምንቱ መመዘንና መጻፍ ይሻላል። ክብደቱ በአንድ አሥረኛ ከቀነሰ ጉዳዩ የሐኪም ነው። እባብ ሳልሞኔላ የሚባለውን የሆድ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ስለሚሸከም ከነካነው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትንም ከሣጥኑ ማራቅ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ አንብቦ ከእንጦጦ ወይም ከወንዝ ዳር እባብ ይዞ ለማሳደግ የሚያስብ ቢኖር፣ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በአገራችን ሕግ የተከለከለ መሆኑን፣ ፈቃድም የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ደጋችን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ እባቦች አሉት፤ የሐረና እፉኝት ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ተብሎ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እነዚህ የእኛን ብርድ ያለ ማንም ማሞቂያ የሚያውቁ፣ ካባቸው ውስጥ ሊተዉ የሚገባቸው ፍጥረቶች ናቸው። መርዛማ እባብን በአፓርታማ ውስጥ ማሳደግ ደግሞ ጎረቤትን ጭምር ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ ለውይይት የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም።

ይህን የምጽፈው በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ዛሬ ጠዋት ሣጥኑን ከመስኮቱ አራቅሁት፤ የኅዳሩን ድስት አድርቄ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ወሰድሁት፤ በሞቃቱ ጫፍ በቦታው ደረቅ የእንጨት ቅርፊት ገባ፤ ፎሙና ሁለቱ የሃይላንድ ጠርሙሶች መደርደሪያው ሥር ተቀምጠዋል። ሳሎኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 18 ዲግሪ ነበር፤ በቅርፊቱ ሥር ያለው መለኪያ 30 ያሳያል። እባቡ ትናንት በልቷል፤ አሁን ከቅርፊቱ ሥር ነው፤ የሚታየው የሆዱ እብጠትና የጭራው ጫፍ ብቻ ነው።